መልስ፦ ነጭ ወይን የሚጠምቁ ሴቶች አሉ ወይ?

ሰላም እህቴ። «ሱሉልታ ቤታችን ጠጅ የምትጥለው እናቴ ናት። ነጭ ወይን የሚጠምቁ ሴቶችስ አሉ? አሠራሩስ ይለያል?» ብለሻል።

አሉ እንጂ! እኔ መጀመሪያ የምጠራልሽ ደቡብ አፍሪካዊቷን ንቺኪ ቢዬላን ነው። ከኳዙሉ ናታል ገጠር ወጥታ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የወይን አጠማመቅ ስትገባ ወይን ቀምሳ እንኳ አታውቅም ነበር። ዛሬ የራሷ ድርጅት አላት፤ «አስሊና» ያለችው በአያቷ ስም ነው። ነጭ ወይኖቿ ሻርዶኔና ሶቪኞን ብላን ከሚባሉ የወይን ፍሬ ዓይነቶች የሚሠሩ ናቸው። አርጀንቲናዊቷ ሱሳና ባልቦም አለች። ቶሮንቴስ በሚባል፣ አበባ አበባ በሚሸት ነጭ ወይን ትታወቃለች።

አሠራሩ ግን ከእናትሽ ጠጅ በጣም ይርቃል። ጌሾ የለ፣ ማር የለ። ፍሬው እንደተለቀመ ቶሎ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አያድርም። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ስለሆነ ከጥቁር ወይን ፍሬም ነጭ ይወጣል፣ ብዙ ሰው አያምንም እንጂ። ከዚያ ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይፈላል። ሙቀት ከበዛበት ያ ደስ የሚል ሽታው ይተናል። ለዚህ ለዚህ የሱሉልታ ብርድ ይመች ነበር፤ ፍሬው ግን ፀሐይ ይፈልጋል። የአገራችን ሻርዶኔም የሚበቅለው ዝዋይ ነው።

ልትቀምሺ ካሰብሽ ፍሪጅ አስገቢው። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን እንዳታቀርቢው፣ በርበሬው ድራሹን ያጠፋዋል። ከዓሣ ጥብስ ወይም ከአልጫ ጋር ሞክሪው።