ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የቡቲሬት እንክብል ላስመጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሆዴ ይነፋኛል። አንዳንዴ ያደርቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያስቀምጠኛል። በተሰማኝ ቁጥር «አሜባ ነው» ብዬ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ እወስዳለሁ። ለጥቂት ቀን ይሻለኝና ተመልሶ ይመጣል። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ቡቲሬት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ለአንጀት ጥሩ ናቸው የሚል አነበብኩ። ውጭ ያለችው እህቴ እንክብሉን ልላክልህ አለች። ጓደኛዬ ደግሞ ቅቤ ውስጥ አለልህ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያነበቡት ነገር እውነትነት አለው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሜትሮኒዳዞሉ ነው።

ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ፌካሊባክቴሪየም፣ ሮዝቡሪያ የሚባሉና ሌሎችም ባክቴሪያዎች አሉ። እኛ መፍጨት ያልቻልነውን የእህልና የጥራጥሬ አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ ይበሉና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች 70 በመቶ የሚሆነውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ቡቲሬት ሴሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዲቆዩ ይረዳል፣ የአንጀት ቁጣንም ያበርዳል።

በጣም የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ሴሎቹ ቡቲሬቱን ሲያቃጥሉ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ወደ አንጀቱ ውስጥ የሚያልፈው ኦክስጅን በጣም ትንሽ ይሆናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን አይስማማቸውም። ባክቴሪያው ሴሉን ይመግባል፣ ሴሉ ለባክቴሪያው ቤቱን ይጠብቅለታል። ባክቴሪያዎቹ ሲመናመኑ ኦክስጅን ይገባል፣ ጎጂ ጀርሞችም ቦታ ያገኛሉ። ክሮንስ በሚባለው የአንጀት ቁስለት የተያዙ ሰዎች ላይ ፌካሊባክቴሪየም ቀንሶ ይገኛል። መንስኤው ይሁን ውጤቱ ግን ገና አልለየለትም።

አሁን ወደ ሜትሮኒዳዞሉ። ይህ መድኃኒት አሜባንና ጃርዲያን ብቻ አይደለም የሚገድለው። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል፤ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ ብለን የምናዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቡቲሬት የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ አሁን ያውቃሉ። አንዴ ሲወሰድ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። በየጊዜው ሲደጋገም ግን ማገገሚያ ጊዜ አያገኙም። ለጥቂት ቀን መሻልዎም አሜባ እንደነበረብዎ አያረጋግጥም። ጋዝ የሚያወጡት ባክቴሪያዎች አብረው ስለሚመቱ ሆድ ለጊዜው ቀለል ሊለው ይችላል። እባክዎ፣ የሰገራ ምርመራ ሳያደርጉ ዳግመኛ አይግዙ። ተመርምረው አሜባ ከተገኘብዎ ደግሞ የታዘዘልዎትን ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

ጓደኛዎ ስለ ቅቤ አልተሳሳተም፣ ቡቲሬት አለው። ግን መጠኑ ትንሽ ነው፤ እሱም ላይኛው አንጀት ላይ ስለሚያልቅ ትልቁ አንጀት ጋ አይደርስም። ብዙ እንክብሎችም ችግራቸው ይኸው ነው። በልዩ ሽፋን የተሠሩ አሉ፤ ጥቅማቸው ግን ለእርስዎ ዓይነት ሕመም በደንብ አልተረጋገጠም። እህትዎን ገንዘብ አላስወጣትም።

ባክቴሪያዎቹ እርስዎ ዘንድ አሉ፤ የራባቸው ምግብ ነው። ከተማችን ውስጥ ብዙ ሰው ቁርሱን በነጭ ዳቦና በሻይ፣ ምሳውን በፓስታ ወይም በሩዝ ይገፋል። የሐረርጌ ማሽላ እዚሁ ቀፊራ ገበያ እያለ! የማሽላ እንጀራ፣ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ፣ ጠዋት ፉል፣ ምስር ወጥ፣ በስሎ የቀዘቀዘ ድንች፤ ሁሉም ለእነሱ ግብዣ ነው። ሐረር ዘመድ ካለዎትና ሁልባት ማራቅ የሚባለው የአብሽ ምግብ ከቀረበልዎ እንዳያልፍዎ፤ አብሹ ጥሩ አሰር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻ 15 ግራም ያህል ይሰጥዎታል።

ግን ቀስ ይበሉ። በአንድ ጊዜ ካበዙት ሆድዎ ይብስ ይነፋል፣ ከዚያም «አልተስማማኝም» ብለው ይተዉታል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጭልፋ ጥራጥሬ ይበቃል። ውሃም በደንብ ይጠጡ፤ በድሬ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ አሰር ማብዛት ራሱ ያደርቃል። ጫት አልጠቀሱልኝም፤ የሚቅሙ ከሆነ ግን እሱም ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ሐኪምዎ ሲጠይቅዎ ሳይደብቁ ይንገሩት።

ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ትኩሳት ካለዎት ወይም ሌሊት ተቅማጥ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ፣ በምግብ ለማስተካከል አይሞክሩ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ ሁሉ ባይኖርም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሆድዎ ሲያስቸግርዎ መጀመሪያ ላቦራቶሪ ይሂዱ።