ሌባ፣ ጥበቃ፣ የሌሊት ጩኸት፦ የሰፈር ሰላም ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮንዶሚኒየም መንደር የብሎካችን የፀጥታ ኮሚቴ አባል ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብሎካችን ሦስት ጊዜ ተሰረቀ። አዋጥተን ካሜራ ልንገዛ ነው። ይጠቅማል?

ይጠቅማል። ግን መጀመሪያ አምፖል ግዙ። የእኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨለማ ነበር፤ የጋራ ቆጣሪውን ማን ይክፈል በሚል ክርክር። ጫማ ከበር ላይ፣ ልብስ ከገመድ ላይ ይጠፋል። አንድ ቀን የጋዝ ሲሊንደር ሳይቀር ሄደ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ቆጣሪ በሩ ላይ አንድ አምፖል ሰቀለ። ሌላ ምንም አልጨመርንም። በዚያ ክረምት አንድም ጫማ አልጠፋም።

ጥያቄ፦ ጥበቃችን ሌሊት ይተኛል። እናባርረው?

ደመወዙን በወቅቱ ትከፍሉታላችሁ? የእኛ ሰው የምንሰጠው ስለማይበቃው ቀን ቀን ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። እንዲህ ሆኖ ማን አይተኛም? ክፍያውን ጨመርን፣ ሁለት ሰው በፈረቃ አደረግን፣ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪና ፊሽካ ሰጠን። ፊሽካዋን አትናቋት።

ጥያቄ፦ ሌባ እጅ ከፍንጅ ይዘን ሰው ቀጠቀጠው። ለፖሊስ ብንሰጠው በነጋታው ይፈታል ብለን ነው። አጠፋን?

አዎ፣ አጥፍታችኋል። እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሌባ ይዛችሁ ሳትዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ ትችላላችሁ። ዱላው ግን የእናንተ ወንጀል ነው። ሰው በሰፈር ዱላ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ ማን መታው ሲባል ሁሉም ይበተናል።

«በነጋታው ይፈታል» የምትሉት እኔንም ያንገበግበኛል። ምክንያቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ተበዳዩ ቃሉን ካልሰጠ፣ ምስክር ካልቀረበ፣ ዕቃው በኤግዚቢት ካልተያዘ፣ ፖሊስ ምን ይዞ ይቅረብ? አንዴ የቴሌቪዥን ሌባ ሲያዝ የከበበው ሠላሳ ሰው ይሆናል። ጣቢያ ድረስ የሄድነው ሁለት ነበርን።

ጥያቄ፦ አዲስ ተከራይ ገብቷል፤ ሁኔታው አላማረንም። ለማን እንጠቁም?

ምን ሲያደርግ አያችሁት? ያያችሁት ነገር ካለ ለፖሊስ ተናገሩ። ከሌለ ግን ሰውን በጥርጣሬ አትክሰሱ። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር አጠጥተው ይከተሉታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹህ ሰው ቤቱ ፈርሶበታል! እኛም ጋ አንድ ተከራይ ሌሊት እየወጣ ሌሊት ይገባል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ለካ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነው። አሁን ግቢው ውስጥ ያልተለመደ ነገር ሲያይ ቀድሞ የሚደውልልኝ እሱ ነው። በሩን አንኳኩ፤ ቡና ጥሩት፤ ስልኩን ተቀበሉ፤ ዕድር አስገቡት።

ጥያቄ፦ ደረጃችን የጎረምሶች ድድ ማስጫ ሆኗል። ገረባውን እኛ ነን የምንጠርገው። ሴት ልጅ ማለፍ አልቻለችም።

ልጄ፣ ይሄ ቀላል አይደለም፤ ሴት ልጅ የሚለክፈውን ዝም አትበሉ። ነገር ግን ሁሉንም አንድ ላይ አትፈርጁ። እኛ ስማቸውን ስናጣራ ከግማሽ በላይ የብሎኩ ልጆች ሆነው ተገኙ። እናቶች ሄደው አነጋገሯቸው። «የት እንሂድ?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከመኪና ማቆሚያው አንዱን ጥግ ለኳስ ለቀቅንላቸው። ብዙዎቹ ከደረጃው ተነሱ። አልመለስ ያሉትን ሁለቱን፣ የተለከፉት ሴቶች ራሳቸው ቃል ሰጥተው ለፖሊስ አመለከትን።

ጥያቄ፦ ከሥራችን ያለው ግሮሰሪ ሌሊት ሙሉ ሙዚቃ ይከፍታል።

ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ብቻችሁን ሄዳችሁ አትጣሉ። ፊርማ አሰባስባችሁ ለወረዳው በጽሑፍ አስገቡ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል የሚሸጥ ከሆነም ጨምራችሁ ጻፉ፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ይከለክላል።

ጥያቄ፦ ስልኬን ታክሲ ስጠብቅ ነጠቁኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ሲም ካርዱን አዘጋ፣ ጣቢያ ሄደህ አመልክት። ነጠቃ ስታይ ደግሞ ወዲያው 991 ደውል። ሌሎቻችሁ ዛሬውኑ *#06# ብላችሁ የሚመጣውን 15 አሃዝ የስልካችሁን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት። ስልኩ ውስጥ አይደለም፤ ደብተር ላይ።