የበለዘ የመኪና የፊት መብራትን በቤት ስለ ማጥራት፦ ጥያቄና መልስ

የፊት መብራት በልዞ ሲደበዝዝ በቤት ውስጥ እንዴት ማጥራት እንደሚቻል የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ሙያዬ የመኪና ቀለም ቅብ ነው፤ ስለዚህ መልሶቼ ወደ ብርጭቆ ወረቀትና ወደ ክሊር (በላይ ወደሚቀባው ቀለም አልባ መከላከያ ቅብ) ቢያደሉ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ የቪትዝ መኪናዬ መብራቶች የቀጠነ ሻይ መስለዋል። መስታወት እንዴት ይበልዛል?

መልስ፦ መስታወት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የመብራት ሽፋኖች ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ መሠራት ጀምረዋል፤ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ ጠጠር ቢመታውም ቶሎ አይሰበርም። ነገር ግን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አይችልም፤ በመሆኑም ፋብሪካው በላዩ ላይ ቀጭን መከላከያ ቀብቶ ይልከዋል። ይህ መከላከያ ለዓመታት በፀሐይ፣ በአቧራና በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ያልቅና ጨረሩ ፕላስቲኩን ራሱን ያገኘዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነውና ፀሐዩ አይጎዳም ማለት አይቻልም። አንድ ጎኗን ለግንብ፣ ሌላውን ለፀሐይ ሰጥታ ለዓመታት የቆመች መኪና አጋጥማኛለች፤ የግንቡ በኩል መብራት ጥርት እንዳለ ሲቆይ የፀሐዩ በኩል ቅቤ መስሎ ነበር።

ጥያቄ፦ የእኔ አሮጌ ላዳ ነው። ይኸው ዘዴ ይሠራልኛል?

መልስ፦ አይሠራም። የላዳው እውነተኛ መስታወት ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት ይቧጭረዋል እንጂ አያጠራውም። የእርስዎ መብራት የፈዘዘው ከመስታወቱ በስተ ኋላ ያለው አንጸባራቂ ገጽ ስለ ዛገ ወይም ስለ ተላጠ ይሆናል፤ እርሱም መለወጥ እንጂ መፈተግ አይሻም።

ጥያቄ፦ በጥርስ ሳሙና ፈትጌ ጠርቶልኝ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ በለዘ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፉት ነገር የለም፤ ሥራውን እኩሌታው ላይ ነው የተዉት። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት የላይኛውን ብላዝ ስለሚልግ መብራቱ ጠርቶ ይታያል፤ ነገር ግን አልቆ የነበረውን መከላከያ አይተካም። እንዲያውም ከፋብሪካው ሽፋን የቀረች ካለች እርሷንም ስለሚያነሣት ፕላስቲኩ ለፀሐይ ራቁቱን ይቀራል። ማጥራቱ ቀላሉ ነው፤ ጥራቱ የሚቆየው በኋላ በሚቀባው ሽፋን ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ ትክክለኛውን አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንገሩን።

መልስ፦ በቅድሚያ መብራቱ ላይ ውሃ አፍስሱበት። እርጥብ እያለ ጥርት ብሎ ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ ጉዳቱ ከውጭ ነውና በእጃችሁ ይስተካከላል፤ ረጥቦም ካልጠራ ችግሩ ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል ከመድከማችሁ በፊት አስቡበት።

መኪናዋን ጥላ ሥር አቁማችሁ መብራቱን በፈሳሽ ሳሙና ካጠባችሁ በኋላ፣ ዙሪያውን ያለውን የኮፈኖ፣ የፓራፋንጎና የፓራውልት ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ደረብ አድርጋችሁ ሸፍኑ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ አንዴ ቀለሙን ከነካው ሌላ ወጪ ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ የተነከረ 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ ይደቅቃል) ይዛችሁ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ፈትጉ። በመጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫማ ነው፤ እየቆየ እንደ ወተት ሲነጣ የተቃጠለው ክፍል ተነሥቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መብራቱ ከነበረበት ብሶ ጭጋግ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ አትደንግጡ። ቀጥሎ 1,000 ቁጥር፣ ከዚያ 1,500 ቁጥር ይግባ፤ በእያንዳንዱ ለውጥ አቅጣጫውን አንዴ አግድም፣ አንዴ ሽቅብ ብታደርጉ የፊተኛው ጭረት ጠፍቶ እንደሆነ በቀላሉ ይለያል። እኔ በጀማሪነቴ ቸኩዬ በ400 ቁጥር የጀመርኩት አንድ መብራት ነበር፤ ያን ጭረት ለማጥፋት ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ ፈጅቶብኛል።

ክሊር የምትቀቡ ከሆነ 1,500 ላይ አቁሙ። ቀሪዋን ደቃቅ ጭረት ክሊሩ ራሱ ይሞላታል፤ በፖሊሽ የተወለወለ ገጽ ደግሞ ቅባት ስለሚይዝ ክሊሩን አያስጨብጥም። ከፋርማሲ በሚገኝ 70 በመቶ አልኮል ጠርጋችሁ፣ በሚገባ ሲደርቅ፣ ጨረር የሚከላከል መሆኑ የተጻፈበትን የጣሳ ክሊር በጣም ስስ አድርጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ንፉ፤ በየመካከሉም ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ። አንዴ አወፍራለሁ ያለ ሰው እንደ እንባ ሲንጠባጠብ ያየዋል። ከተነፋ በኋላ መኪናዋ አንድ ቀን ሙሉ ውሃና አቧራ ባይነካት ይመረጣል፤ ስለዚህም ክረምት ለዚህ ሥራ አይመችም። ክሊር የማትቀቡ ከሆነ ግን እስከ 3,000 ቁጥር ቀጥላችሁ በፖሊሽ ጨርሱት፤ መከላከያ ስለማይኖረው ግን ቶሎ ወደ ብላዙ ይመለሳል።

ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት ክሊር ከሁሉ ይበልጥ ይቆያል፤ ሆኖም ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን ስለሚጎዳና የአቧራ ማስክ ስለማያግደው፣ እርሱን በቤት አትሞክሩት፤ ለሙያተኛ ተዉት።

ጥያቄ፦ በቤንዚን፣ በቲነር ወይም በወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ጠርጎ የሚያጠራ ሰው አይቻለሁ። ይመክራሉ?

መልስ፦ አልመክርም። እነዚህ የላይኛውን ቆዳ ስለሚያቀልጡ ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ በኋላ ግን ፕላስቲኩ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ያን ስንጥቅ ምንም ብርጭቆ ወረቀት አያነሣውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ከውስጥ ነው ላብ የሚይዘው።

መልስ፦ ከኋላ ያለውን የአምፖል ጎማ ይመልከቱ፤ አምፖል ሲቀየር በትክክል ሳይገጠም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጎማው ደኅና ከሆነ የሽፋኑ ማጣበቂያ ተሰንጥቆ ውሃ እያስገባ ይሆናል። ጠዋት ታይቶ መብራቱ ሲሞቅ የሚጠፋ ቀጭን ጤዛ ግን አያሳስብም።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሁሉ ድካም ባለ 100 ዋት አምፖል ባስገባስ?

መልስ፦ ቪትዝንና መሰሎቿን ጨምሮ በብዙ መኪናዎች የሚገባው ኤች 4 አምፖል የተሠራው በረጅም ብርሃን ለ60፣ በአጭር ብርሃን ለ55 ዋት ነው። 100 ዋት ሲገባ ሙቀቱ አንጸባራቂውን ያቃጥላል፤ ሶኬቱንም ያቀልጣል። የበለዘ ሽፋን ደግሞ ብርሃኑን ወደ ፊት ከማሳለፍ ይልቅ ስለሚበትነው፣ የጨመሩት ብርሃን መንገዱን ሳይሆን ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ነው የሚያገኘው።

ጥያቄ፦ ማጥራት ወይስ አዲስ መግዛት?

መልስ፦ የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር፣ በተለምዶ ትሪፕል ኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የሙከራ ውጤት የበለዙት መብራቶች በአጭር ብርሃን ላይ አዲስ መብራት ከሚሰጠው 22 በመቶውን ብቻ ሲሰጡ ከጠሩ በኋላ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመልሰዋል። ስለዚህ ሽፋኑ ካልተሰነጠቀና አንጸባራቂው ካልተቃጠለ አጥሩት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ለመግዛት ከወጣችሁም ከጥላ አውጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱት፤ ሱቅ ውስጥ በፖሊሽ አብረቅርቆ የሚታይ መብራት መከላከያ ሽፋን አለው ማለት አይደለምና።