ጉድጓድ ቆፋሪው ሴናተር

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የከርሰ ምድር ውሃ ስቆፍር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ እየደወሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ከመስክ ወጥቼ ቢሮ የምገባው መቼ ነው?» መልስ ከመስጠቴ በፊት ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ላጫውታችሁ። ፒተር ኖርቤክ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በእነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እናቱ ኖርዌያዊት፣ አባቱ ስዊድናዊ ነበሩ። በ1870 በዳኮታ ሜዳ፣ ከቨርሚሊየን ከተማ አቅራቢያ፣ ከመሬት በታች በተቆፈረ ክፍል ውስጥ ተወለደ። ለጉድጓድ ቆፋሪ ከዚህ የተሻለ መወለጃ ከየት ይገኛል? አባቱ ገበሬም ሰባኪም ስለነበሩ የበኩር ልጃቸው በእርሻ ሥራ አደገ። ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፣ አረሰ። ቁፋሮ የጀመረው በ1890ዎቹ ነው።

የዚያ አገር ነገር እንዲህ ነው። ላዩ ሜዳ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ዳኮታ የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ውሃ አምቆ ይዟል። የታመቀው ውሃ ቀዳዳ ካገኘ ያለ ፓምፕ ሽቅብ ይፈነጥቃል። ችግሩ ዋጋው ነበር፤ ጥልቅ ጉድጓድ የተራ ገበሬን አቅም ይፈትናል። ኖርቤክ ከሸሪኩ ከኒኮልሰን ጋር ሆኖ በቀጭን ቧንቧ፣ በአነስተኛ ወጪ መቆፈር ጀመረ። ድርጅታቸው በሬድፊልድ ከተማ ተቀምጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ቆፈረ። እዚህ ላይ የሙያ ሐሜት ይፈቀድልኝ፦ ያ ሁሉ ጉድጓድ ቀን ከሌሊት ያለ መዝጊያ ሲፈስ የውሃው ግፊት በመላው አካባቢ እየወደቀ ሄደ። በእኛ ሥራ ውሃ ማውጣት ብቻ ሳይሆን መዝጋትም ሙያ ነው።

በ1909 የክፍለ ግዛቱ ሴናተር ሆነ፤ በ1917 ደግሞ የሳውዝ ዳኮታ ገዥ፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው የገዛ የመጀመሪያው ሰው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሹመቱ አይደለም፤ ከሹመት በኋላ እግሩ አለማረፉ ነው። ብላክ ሂልስ በተባሉት ተራሮች ውስጥ መርፌ የመሰሉ የግራናይት ድንጋይ ዘንጎች አሉ። በዚያ መካከል መንገድ ይውጣ ሲል ብዙዎች የማይሆን ነው አሉት። እርሱ በእግሩና በፈረስ ቋጥኙን እየዞረ መስመሩን መረጠ። መሐንዲሱን ስኮቬል ጆንሰንን ይሠራል ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ዲናሚት ይብዛልኝ እንጂ ይሠራል አለው ይባላል። መንገዱ በ1922 ተጠናቀቀ፤ ዛሬም መኪና በዋሻዎቹ ውስጥ ጎኗን ሰብስባ ታልፋለች።

እኔ በጎልማሳነቴ የዚህን ተቃራኒ አድርጌአለሁ። አንድ የቁፋሮ ቦታ ካርታ ላይ ብቻ አይቼ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ፈረምኩ። 180 ሜትር ወርደን አቧራ አወጣን። ከቦታው ስደርስ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ደፍተው ተቀምጠውበት አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «ከዚያኛው ጥግ እኮ በበጋ ሣር አይደርቅም» አሉኝ፣ በእጃቸው እያመለከቱ። አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ ቢሆን!

ኖርቤክም አልተሳሳተም አልላችሁም። ገዥ ሳለ መንግሥት ለገበሬ በአነስተኛ ወለድ እንዲያበድር አደረገ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህልና የመሬት ዋጋ ሲወድቅ ብድሩ ተበላሸ፤ ዕዳውን ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት ከፈለ። ጉድጓድ ውሃ ከሌለው በሳምንት ታውቃለህ፤ ብድር ግን ደረቅ መሆኑ የሚታወቀው አበዳሪው ወንበሩን ከለቀቀ በኋላ ነው። በሌላ በኩል በእርሱ ዘመን የታቀደው የመንግሥት ሲሚንቶ ፋብሪካ ለአስርተ ዓመታት ሠርቶ በ2001 በ252 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንግዲህ ፍረዱ።

ለአሜሪካ ሴኔት ተመርጦ ዋሽንግተን ሄዶም የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። የባንክ ሰው አይደለም፤ እርሱም ያውቀዋል። የዎል ስትሪትን፣ ማለትም የኒው ዮርክን የገንዘብ ገበያ፣ ጉድ ለመመርመር በ1933 መጀመሪያ ፈርዲናንድ ፔኮራ የተባለ ዐቃቤ ሕግ ቀጠረ። ፔኮራ ከላይ አልቧጨረም፤ ወደ ውስጥ ቆፈረ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የታላቁ ናሽናል ሲቲ ባንክ ሊቀ መንበር ሥልጣኑን ለቀቀ። የማታውቁትን ሥራ ለሚያውቀው ሰው መስጠትም አንድ ሙያ ነው፤ እኔ የተማርኩት አርፍጄ ነው። ኖርቤክ በ1936 ሴናተር እንደሆነ ሞተ።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደውሎ ያንኑ ቢሮ የመግባት ነገር አነሳብኝ። በመስክ ስንሠራ በየሜትሩ የሚወጣውን ናሙና ሸራ ላይ በተርታ እንደፋዋለን፤ በጣትህ አሽተህ፣ አንዳንዴም ምላስህ ላይ አድርገህ ታየዋለህ። «ትናንት ከስልሳኛው ሜትር የወጣው ምን ይመስላል?» አልኩት። ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ጋሼ፣ ማታ ልደውልልዎት» ብሎ ዘጋ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ደወለ። ከበስተኋላው የማሽኑ ጩኸት ይሰማል። «ቀይ ነው ጋሼ፤ ሻካራ አሸዋ ነው፣ ትንሽ ሸክላ አለበት» አለኝ።