አራቱንም ሳጥኑ ውስጥ አትክተታቸው

ወንድሜ፣ አራት ባለ 4 ቴራ ዲስክ ይዘህ «ለቤት ናስ ሬይድ 5 ይሻላል ወይስ ሬይድ 10?» ብለሃል። ናስ ዲስኮች ተከተውበት በቤት ኔትወርክ ፋይል የሚቀመጥበት ሳጥን ነው፤ ሬይድ ደግሞ ብዙ ዲስክ እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ፣ ቁጥሩ ዓይነቱን ይነግርሃል። የምታስቀምጠው የቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ ነው። እኔ ሁለቱንም አልመክርህም።

እኔም እንዳንተ በአራት ዲስክ ነው የጀመርኩት፣ በሬይድ 5። ሒሳቡ ያማልላል። ሬይድ 10 ከ16 ቴራው 8 ብቻ ሲሰጥህ፣ ሬይድ 5 12 ይሰጥሃል። አንዱ ዲስክ ቢሞትም ዳታህ አይነካም።

በሁለተኛው ዓመት አንዱ ዲስክ ማታ ማታ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ንቄ ተውኩት። አንድ ጠዋት ስነሳ የሳጥኑ መብራት ብርቱካንማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ሮጬ ያገኘሁትን ርካሽ ዲስክ ገዛሁ። ለካ ኤስኤምአር የሚሉት ዓይነት ኖሯል። እሱ ዳታውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ አነባብሮ ነው የሚጽፈው። አንዱን መስመር ለመቀየር አጠገቡ ያሉትንም መልሶ መጻፍ አለበት። ለባክአፕ፣ ማለትም ለመጠባበቂያ ቅጂ፣ ምንም አይልም፤ ያለ እረፍት ሲጻፍበት ግን ይንቀራፈፋል። የሞተውን ዲስክ ዳታ አዲሱ ላይ መልሶ መገንባቱ በአንድ ቀን ያልቃል ስል አምስት ቀን ፈጀ። በመሃል መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የለኝም። አንድ ሌላ ዲስክ ቢሞት አለቀልኝ። ሁሉንም የገዛሁት በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ነው፣ እድሜያቸው እኩል ነው። እግዜር ይመስገን ተረፈ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ዲስኮቹ ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ። የልጄን የክርስትና ፎቶ የያዘውን ፎልደር ድጋሚ ኮፒ መስሎኝ ሰረዝኩት። ሬይድ ታዛዥ ነው፤ ከአራቱም ላይ ባንዴ ጠራርጎ አጠፋልኝ። አርባ ምናምን ፎቶ ከዘመድ ቴሌግራም ለቃቀምኩ፣ እሱም ተጨምቆ የደበዘዘ።

ስለዚህ ሁለቱን ዲስክ ሬይድ 1 አድርጋቸው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናል። 4 ቴራ ነው የምታገኘው። ኮምፒውተሩ 3.6 ቢልህ አትደንግጥ፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አንድ ፎቶ 5 ሜጋ ቢሆን 800 ሺህ ፎቶ ይይዛል፤ ቪዲዮ ካላበዛህ በቂህ ነው።

ሦስተኛውን በዩኤስቢ እየሰካህ በሳምንት አንዴ ባክአፕ አድርግና ንቀለው። ተሰክቶ እንዳይከርም! አራተኛውንም እንዲሁ ሞልተህ እናትህ ቤት አስቀምጠው። በወር አንዴ ለምሳ ስትሄድ ትቀያይራቸዋለህ። ሌባም እሳትም ሁለት ቤት ባንዴ አይገባም።

የተረፈህን ብር ዩፒኤስ ላይ አውለው። ከናሱ ጋር በዩኤስቢ ገመድ የሚገናኝ ይሁን፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ናሱ በሥርዓት ራሱን ይዘጋል።

ምንም ከመክተትህ በፊት የአራቱንም የሞዴል ቁጥር እዚህ ጻፍልን። ኤስኤምአር የሆነ ካለ ለዩኤስቢው እናደርገዋለን።