«የጅብ ፍርሃት» የማን ፍርሃት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ መጨረሻው ብሎክ ላይ ነው። ከኋላችን ሜዳና ገደል ስለሆነ ማታ ማታ ጅብ ይመጣል። ኮሚቴው ደረጃው ሥር እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ጅብ ነዋሪውን እያስፈራራ በመሆኑ በአካባቢያችን ከፍተኛ የጅብ ፍርሃት ተፈጥሯል። ማንም ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሳይሰጋ እንዳይወጣ።» በማግስቱ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ «ፍርሃት»ን ሰርዞ «ስጋት» አለው። ሌላው «ፍራቻ»፣ ሦስተኛው «ሽብር» ብሎ ጻፈበት። ልኩ የትኛው ነው? ደግሞስ «ፍርሃት» በየትኛው «ሀ» ይጻፋል?

መልስ፦ ባለ ቀይ እስክሪብቶው ጎረቤትዎ ልክ ናቸው፤ ለዚህ ቦታ የሚስማማው «ስጋት» ነው። «ሽብር» ጨርሶ አይሆንም፣ «ፍራቻ» ግማሽ መንገድ ይሄዳል። የማስታወቂያው ዋና ጥፋት ግን ማንም ያልነካው «እያስፈራራ» ነው፤ እመለስበታለሁ።

ፍርሃት ሰውየው ውስጥ ነው። ያድርበታል፣ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል። ስጋት ግን ሊመጣ የሚችለውን ነገር ራሱንም ይሰይማል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከፊቱ አደጋውን፣ ከኋላው «ነው»ን ያስቀምጡ። «ጅቡ ስጋት ነው» ይባላል። «ጅቡ ፍርሃት ነው» ያለ ሰው ግን ገና አማርኛ የሚማር ይመስላል። «የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን» የሚለውን ስም ያስታውሱ፤ በቦታው «አደጋ ፍርሃት» ቢገባ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን የሚያባብል ይመስል ነበር። አቃቂ ወንዝ ዳር ያለ ሰው በክረምት «የጎርፍ ስጋት አለብን» የሚለውም ጉልበቱ ስለራደ አይደለም። ጎርፉ ሊመጣ እንደሚችል አስልቶ ነው።

የእናንተኑ ብሎክ እንውሰድ። እናት ልጇን ሲመሻሽ ዳቦ ልካ በረንዳ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ፣ ያ ስጋት ነው። ልጁ ተመልሶ ደረጃው አጠገብ ሲደርስ ከቆሻሻው ክምር ኋላ ሁለት ዓይን ቢያበራበት፣ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ድንጋጤ ናት። ክው ይላል፣ ዳቦው ከእጁ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ብርክ ይዞት «እማዬ!» የሚያሰኘው ፍርሃት ነው። ድንጋጤ እንደ መብረቅ ነው፤ ሰው በደግ ወሬም ይደነግጣል። ሎተሪ የደረሰው ሰው «ደነገጥኩ» ቢል ማንም አያርመውም፣ «ፈራሁ» ቢል ግን ምን አስፈራህ ይባላል። ለከብት ሲሆን ቃሉ ይለወጣል። ጅብ የሸተተው አህያ ደነበረ እንጂ ደነገጠ ማለት አልለመድንም። «በረገገ» ለሰውም ለእንስሳም ይሆናል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት ውስጥ ያለው «በረየ» ግን ዛሬ ከተረቱ ወጥቶ ብዙም አይሰማም፤ ያሳዝናል።

«ፍራቻ» የተሠራው «ጠላ» «ጥላቻ»ን ባወጣበት መንገድ ነው። እንደ ጥላቻ ሁሉ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፦ የከፍታ ፍራቻ፣ የጨለማ ፍራቻ፣ የፈተና ፍራቻ። ስለዚህ «የጅብ ፍራቻ» ስህተት አይደለም። ግን የሰዎቹን ጠባይ ይናገራል እንጂ ሜዳው ላይ ስላለው ነገር አይናገርም፤ ነዋሪውን ፈሪ የማድረግ ቃናም አለው።

«የጅብ ፍርሃት» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። «የ» ባለቤትንም ምክንያትንም ስለሚያሳይ፣ ፍርሃቱ የጅቡ የራሱ ነው ወይስ ጅቡን የሚፈራው ሰው? ግሡም ከዚህ አይድንም። «ጅብ ይፈራል» ብለው ይጻፉና ለሁለት ሰው ያስነብቡ። «ፈ» ሲላላ ጅቡ ፈሪ ነው፤ «ፈ» ሲጠብቅ ጅቡ የሚያስፈራ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ማስታወቂያ ጸሐፊ ከዚህ ቃል ቢርቅ ይሻለዋል። «ጅብን መፍራት» ቢሉ ግን «ን» ነገሩን ይለየዋል።

አሁን ወደ «እያስፈራራ»። ጨለማ ያስፈራል፣ ገደል ያስፈራል፣ ጅብ ያስፈራል። ማስፈራራት ግን ሐሳብ ያለው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ዱላ ያነሳል፣ ይዝታል፣ «ባታደርግ ወዮልህ» ይላል። የ«ራ» መደጋገም የምታመጣው ይህን ነው። «አስፈሪ» እና «አስፈራሪ»ም እንዲሁ ይለያያሉ፦ አስፈሪ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥም ያስፈራል፤ አስፈራሪ ሰው ምናልባት ራሱ ፈሪ ነው። በማሳ ላይ አሮጌ ኮት አልብሰን የምናቆመውን «ማስፈራሪያ» የምንለው፣ ባለማሳው ሆነ ብሎ ወፏን ሊያባርርበት ስላቆመው ነው። የእናንተ ጅብ አጥንት ፍለጋ የመጣ እንጂ የዛተ አይደለም።

«ሽብር» የብዙ ሰው ትርምስ ነው፤ ሰው ተሸበረ፣ ከተማ ተሸበረ። ከ«ቀይ ሽብር» ወዲህ ግን ቃሉ ደም አለበት፣ ከአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ወዲህ ደግሞ የወንጀል ስም ውስጥ ገብቷል። ለጅብ አይውጣ።

ጠያቂዬ ባይጠይቁም አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ እንላለን፤ ነገሩ በእኛ ላይ ይመጣል። ፈራሁ፣ ሰጋሁ፣ ደነገጥኩ ስንል ግን ባለቤቶቹ እኛው ነን፤ «ፈራኝ» ያለ ሰው ሌላው እሱን እንደፈራው ተናገረ። ጊዜውም ይለያል፦ «ፈራሁ» አሁን ያለብኝን ይናገራል፣ «እፈራለሁ» ልማዴን። ጨለማው ደረጃ ላይ የቆመ ልጅ «እማዬ፣ ፈራሁ» ነው የሚለው። «ልጄን ፈራሁ» ማለት ልጄ ያስፈራኛል ነው፤ «ለልጄ ፈራሁ» ግን እሱ አንድ ነገር እንዳይሆን ነው። አንዲት «ለ» እዚህ ላይ ቤተሰብ ታጣላለች። የሚፈራውን ነገር በዐረፍተ ነገር ስንገልጽ ደግሞ «እንዳይመጣ ፈራሁ» እና «ይመጣል ብዬ ፈራሁ» አንድ ናቸው። ሁለቱን ቀላቅሎ «እንዳይመጣ ብዬ ፈራሁ» ማለት በንግግር ያልፋል፣ በጽሑፍ ግን ያንከላውሳል። ከትርጉም ፊልም የመጣውን «ልረዳህ እንደማልችል እፈራለሁ» የሚለውን ግን አልታገሠውም። በአማርኛ እምቢታ «ይቅርታ» ወይም «አዝናለሁ» ይባላል፤ ማን ምን ፈራ?

«አባቱን ይፈራል» ሲባል አክብሮት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ውስጥ ያለው፣ ሙስሊም ወገኖቻችንም «አላህን የሚፈራ» ሲሉ የሚያወድሱት ይኸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1923 ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የተጠሩበት «ተፈሪ»ም የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው። «የፈሪሃ እግዚአብሔር ፍርሃት አለው» ግን አይበሉ፤ «ፈሪሃ» ራሱ መፍራት ነውና ሁለት ጊዜ ያስፈሩታል።

ለማስታወቂያው፦ «ሳይሰጋ እንዳይወጣ» ሰው ሰግቶ እንዲወጣ የሚያዝ ነው፤ ሁለት አፍራሽ ተደራርቦ ያመጣው ጉድ። እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው፦

«ማታ ማታ ከብሎኩ ጀርባ ጅብ ስለሚያልፍ የደህንነት ስጋት አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ልጆችን ብቻቸውን አትላኩ። ሥጋና አጥንት ያለበት ቆሻሻ ውጭ አታሳድሩ።»

ከሥሩ ማጽናኛ ማከል ከፈለጉ «አትፍሩ» አይበሉ፣ ሰውን ፈሪ ብሎ እንደ መጀመር ነው፤ «አይዟችሁ» ይበቃል። ለብቻቸው የሚኖሩ አዛውንት ካሉ በቃል «እማማ፣ አይዞዎት» ይበሏቸው።

ስለ «ሀ»፦ ቃሉ ከግዕዙ «ፈርሀ» ስለመጣ በሃሌታው ሀ ነው። አማርኛ ግሡን «ፈራ» ሲያደርገው «ሀ»ዋን ጣለ፣ ስሙ ላይ ግን ቀረች። «ኀፈረ» «አፈረ» ሆኖ «ኀፍረት» እንደቀረው ማለት ነው። «ፍርሀት» እና «ፍርሃት» በአማርኛ አንድ ስለሚነበቡ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙ፤ በሐመሩ ሐ «ፍርሐት» የጻፈውን ግን በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ያርሙት።