ጫማው ጋ ስደርስ ሻይ አፈላሁ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው። ስንት ቀይ እስክሪብቶ እንደጨረስኩ አላውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን የእህቴ የልጅ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «አባባ፣ እስኪ ይቺን ያንብቡልኝ» አለችኝ።

ፋን ፊክሽን ነው። ከምትወደው ፊልም አንድ ፈረሰኛ ተውሳ የራሷን ጨለማ ታሪክ ሠርታለታለች። ፈረሰኛው ጥላውን ለጠንቋይ ሸጧል። ሰው በገደለ ቁጥር አንድ ስንዝር ጥላ ይመለስለታል። የመጨረሻዋ ስንዝር የምትመለሰው ታናሽ ወንድሙን ሲገድል ነው። ግድያውን ግን አልጻፈችውም። የልጁን ጫማ ብቻ ደጃፉ ላይ ትታዋለች፣ ክሩ እንደታሰረ።

ከኔ በፊት ሁለት ሰዎች አንብበው መልስ ሰጥተዋታል። አንዱ «ዋው! ቀጥይበት» ይላል። ሌላው «ጤና የለሽም እንዴ? እንዴት ሕፃን ትገድያለሽ?»

ይሄኛው አናደደኝ። የገደለው ፈረሰኛው ነው፣ እሷ ምን አደረገች? ደግሞ አናቱ ላይ «ሕፃን ይሞታል፣ የማይችል አያንብብ» ብላ አስጠንቅቃለች። በፋን ፊክሽን ሰፈር ይህ የተለመደ ነው። አይቶ የገባ ሰው ምን ያነጫንጨዋል?

ግን እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ወጣት አርታኢ ሳለሁ የአንድ ጀማሪ ረቂቅ ላይ «ይህን ክፉ ነገር ከየት አመጣኸው?» ብዬ በቀይ ጽፌ መለስኩለት። ልጁ ድጋሚ አልመጣም። እዚያ ረቂቅ ውስጥ የነበረች አንዲት ጅብ እስከ ዛሬ ትታየኛለች። እሷን ነበር ልነግረው የሚገባኝ።

የአንባቢ ቁጣ አዲስ አይደለም። ደራሲው ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠረውን መርማሪ፣ ሼርሎክ ሆልምስን፣ በታሪኩ ውስጥ ሲገድለው ሰው በደብዳቤ ወረደበት። በ1903 ከሞት መለሰው። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። ተዋናዩ ዊልያም ጊሌት ሆልምስን ለመድረክ ሲያዘጋጅ «ሚስት ላጋባው ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ዶይልም ዳረውም ግደለውም እንደፈለግህ አድርገው አለው። ባለቤቱ እንዲህ ካለ እኛ ምን ቤት ነን?

እና ምን እንበል ካላችሁኝ፣ ስታነቡ ምን እንደሆናችሁ ንገሩ። የቱ ጋ እንደሆነም ጭምር። እኔ የጻፍኩላት ይህን ነው፦

«ጫማው ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ሻይ አፈላሁ። ቶሎ መቀጠል አልቻልኩም። ጠንቋይዋ ስለ ጥላ ሕግ ሦስት አንቀጽ ስታስረዳ አዛጋሁ። ፈረሰኛው ጥላ እንደሌለው እናቱ ያላየችው ለምንድነው? ማታ ነበር?»

«ጎበዝ» አላልኳትም። «ይህን ቁረጪ»ም አላልኩም። ታሪኩ የሷ ነው።

አነበበችና ዝም አለች። ቆይታ «ሻዩን በስንት ስኳር ጠጡት?» አለችኝ።

በሳምንቱ አዲሱን አሳየችኝ። እናትየዋ ዓይነ ስውር ሆናለች። የጠንቋይዋ ሦስት አንቀጽ ደግሞ አራት ሆኗል።